ካሊ ሊኑክስ ሲያስቸግር የሚያስተምረው

ካሊ ሊኑክስን፣ ማለትም ለኮምፒዩተር ደኅንነት ፍተሻ የተዘጋጀውን የሊኑክስ ሥርዓት፣ በቨርቹዋል ማሽን (ፕሮግራም በኮምፒዩተር ውስጥ በሚፈጥረው ሌላ ኮምፒዩተር) የጫነ ሰው በመጀመሪያው ምሽት ከሚገጥሙት ነገሮች አንዱ ይህ ነው፦ የላፕቶፑ ዋይፋይ ይሠራል፣ ካሊ ውስጥም ኢንተርኔት አለ፣ የዋይፋይ መፈተሻውን ሲከፍት ግን «ካርድ የለም» ይባላል። ብዙው ሰው ካሊው ተበላሽቷል ብሎ ያጠፋውና እንደገና ይጭነዋል። አዲሱም ያንኑ ይላል። የተበላሸ ነገር ስለሌለ ነው። ቨርቹዋል ማሽኑ የሚያየው ቨርቹዋልቦክስ ወይም ቪኤምዌር የሠራለትን የይስሙላ የኬብል ካርድ ነው፤ እውነተኛው የዋይፋይ ካርድ በዊንዶውስ እጅ ነው ያለው። ካሊ የተናገረው እውነቱን ነው።

ስለ ካሊ ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለ መሣሪያዎቹ ብዛት ነው። በመቶዎች ይቆጠራሉ፤ ግን አብዛኞቹ በሌላ ሊኑክስ ላይም ይጫናሉ። እኔ ይበልጥ ትኩረት የምሰጠው ሥርዓቱ እምቢ ለሚልባቸው ቦታዎች ነው። እምቢ ባለ ቁጥር ከሥሩ ገና ያልተረዳነው ነገር አለ፤ ስለ ካርድ፣ ስለ ኔትወርክ፣ ስለ ፊርማ ወይም ስለ ፈቃድ። ያንን ፈልጎ ያገኘ ሰው ነገ በደንበኛ ሰርቨር ፊት ሲቀመጥ እጁ ምን እየሠራ እንደሆነ ያውቃል። ሌላ ትእዛዝ ከዩቲዩብ ገልብጦ ያለፈውን ግን ያው ችግር መልኩን ቀይሮ ይጠብቀዋል።

መነሻውን ባጭሩ ልንገራችሁ (ዓመቶቹ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ማቲ አሃሮኒ የጀመረው ከሲዲ የሚነሣ ሊኑክስ እና የማክስ ሞዘር «ኦዲተር» በ2006 ተዋህደው ባክትራክ ተባሉ። ባክትራክ ተወዳጅ ነበር፤ መሣሪያዎቹ ግን በአንድ ፎልደር ውስጥ እንደ ዕቃ ቤት የተከማቹ ስለነበሩ እነሱን ማደስ ጭንቅ ነበር። ማርች 13 ቀን 2013 ካሊ ሲወጣ ዋናው ለውጥ ይህን ማስተካከሉ ነው፦ በዴቢያን (በሌላ የታወቀ ሊኑክስ) ላይ እንደ አዲስ ተሠራ፣ እያንዳንዱ መሣሪያም ሥርዓት ያለው የዴቢያን ፓኬጅ (ለብቻው የሚጫንና የሚታደስ ጥቅል) ሆነ። ከ2016 ወዲህ ደግሞ ሮሊንግ ነው፤ ማለትም አንድ ስሪት ላይ ቆሞ አይጠብቅም፣ ከዴቢያን የሙከራ ቅርንጫፍ አዲስ ፓኬጅ ሳያቋርጥ ይፈስሳል። ሠሪዎቹ ራሳቸው ሊኑክስን ለማያውቅ ሰውና ለዕለት ተዕለት ሥራ አይመክሩትም። እኔም አልመክረውም። ደብዳቤ የምትጽፉበት፣ ባንክ የምትገቡበት፣ ፎቶ የምታስቀምጡበት ማሽን ሌላ ይሁን።

ከማውረድ እንጀምር፤ የኢንተርኔት ጥቅል እየገዛ ለሚጠቀም ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሙሉው መጫኛ ፋይል 4 ጊጋባይት ገደማ ነው። የተዘጋጀው የቨርቹዋልቦክስ ወይም የቪኤምዌር ፋይል ደግሞ ተጨምቆ 3 ጊጋባይት አካባቢ ሲሆን ሲፈታ ከ10 ጊጋባይት በላይ ይወጣዋል። ከኢንተርኔት ካፌ በፍላሽ ለማምጣት ካሰባችሁ፣ ፍላሹ ፋት32 በሚባለው አሠራር ከተዘጋጀ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ፍላሹ 32 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ቢኖረውም «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» ብሎ እምቢ የሚለው ለዚህ ነው፤ በኤክስፋት እንደገና ማዘጋጀት ይበቃል። ኔትኢንስቶለር የሚባለው ትንሹ ፋይል ከ1 ጊጋባይት በታች ቢሆንም ቁጠባው አሳሳች ነው፤ የቀረውን በመጫን ላይ እያለ ያወርደዋል። እውነተኛ ቁጠባ የሚገኘው በመሣሪያ ምርጫው ገጽ ላይ ሁሉንም ከመምረጥ ይልቅ «ቶፕ 10» የሚለውን ጥቅል ብቻ ስትመርጡ ነው። ኤንማፕ፣ ዋየርሻርክ፣ ሜታስፕሎይት፣ በርፕ፣ ኤርክራክ፣ ጆን፣ ሃይድራ እና ኤስኪውኤልማፕ እዚያ ውስጥ አሉ፤ ለአንድ ዓመት ትምህርት ከበቂ በላይ ናቸው።

መስመሩ የሚቆራረጥ ከሆነ በብሮውዘር ከማውረድ በቶረንት ማውረድ ይሻላል። ካሊ ሕጋዊ የቶረንት ፋይል በራሱ ገጽ ያቀርባል። ቶረንት ከተቋረጠበት ይቀጥላል፣ እያንዳንዷንም ቁራጭ እያረጋገጠ ይቀበላል። በብሮውዘር ያወረደ ሰው ግን ፋይሉን ከመጠቀሙ በፊት የሻ256 አሻራውን (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ) ማውጣትና በካሊ ገጽ ላይ ከተጻፈው ጋር ማነጻጸር አለበት። በዊንዶውስ ላይ ፓወርሼል ውስጥ «ጌት ፋይልሃሽ» የሚለው ትእዛዝ ይህን ይሠራል። መጫኑ ግማሽ መንገድ ደርሶ «ፋይሉን ማንበብ አልቻልኩም» ብሎ የሚቆም ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የጎደለ ፋይል ነው። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ደግሞ ከቴሌግራም ቻናል ወይም ከማይታወቅ ሰው ፍላሽ የተወሰደ ካሊ ነው። የደኅንነት መሣሪያዎችን የሚጭን ሰው ለሥራው ሲል ከፍተኛ ሥልጣን ይሰጣቸዋል፤ በሩን ለማን እንደከፈተ ማወቅ ይገባዋል።

የተዘጋጀው ቨርቹዋል ማሽን የሚከፈተው «ካሊ» በሚል የተጠቃሚ ስም እና «ካሊ» በሚል የይለፍ ቃል ነው። እስከ 2019 መጨረሻ ድረስ ሰው በቀጥታ በሩት (ሁሉን ማድረግ በሚችለው የአስተዳዳሪ ስም) ነበር የሚገባው፤ ከ2020 የመጀመሪያ ስሪት ወዲህ ተራ ተጠቃሚ ሆኖ ይገባል፣ ሲያስፈልገው በሱዶ ከፍ ይላል። የድሮ ቪዲዮ ተከትሎ «ሩት» እና «ቱር» እያለ በሩን የሚደበድብ ጀማሪ ዛሬም አለ። ከገባችሁ በኋላ መጀመሪያ የምትጽፉት የይለፍ ቃል መቀየሪያው ትእዛዝ «ፓስደብሊውዲ» ይሁን፤ ያ የይለፍ ቃል መላው ዓለም የሚያውቀው ነው።

ላፕቶፑ 8 ጊጋባይት ራም ካለው ለካሊ 2 ወይም 3 ጊጋባይት ስጡት፣ ዲስኩን ከ20 ጊጋባይት አታሳንሱ። ማሽኑ ጨርሶ አልነሣ ካለና ቪቲ-ኤክስ ተዘግቷል ከተባለ ባዮስ ውስጥ ገብቶ ቨርቹዋላይዜሽን የሚለውን መክፈት ነው። ተነሥቶ ግን እንደ ኤሊ የሚሳብ ከሆነ በቨርቹዋልቦክስ መስኮት ታችኛው ጠርዝ ላይ ያለውን ምልክት ተመልከቱ፤ አረንጓዴ ኤሊ ከታየ ዊንዶውስ በራሱ የቨርቹዋል ማሽን ሥርዓት በሃይፐር-ቪ ፕሮሰሰሩን ይዞታል ማለት ነው። ያንን ሳያጠፉ ራም መጨመር ምንም አይለውጥም።

አሁን ብዙ ካሊዎች ወደሚሞቱበት ቦታ እንምጣ፤ ማደሻው ላይ ነው። ካሊ ፓኬጅ የሚያመጣበት አድራሻ የሚጻፍበት አንድ ፋይል አለ፣ በውስጡም ሊኖር የሚገባው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ የካሊ ሮሊንግ መስመር። አንድ ፕሮግራም አልጫን ሲል ከኢንተርኔት የተገኘ የኡቡንቱ ወይም የዴቢያን መስመር እዚያ የሚጨምር ሰው የሁለት ቤት መሠረት እያቀላቀለ ነው። ዋናዎቹ የሲስተም ላይብረሪዎች (ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙባቸው ኮዶች) ከተለያየ ዘመን ይመጣሉ፣ ሳምንት ሳይቆይ ዴስክቶፑ አይነሣም። በፓኬጅ አምጪው ፕሮግራም በአፕት ሲታደስም «አፕት አፕግሬድ» ሳይሆን «አፕት ፉል-አፕግሬድ» ነው የሚጻፈው፤ የመጀመሪያው ያረጁ ፓኬጆችን ማስወገድ ስለማይደፍር በሮሊንግ ሥርዓት ላይ ግማሹን አድሶ ግማሹን ይተዋል። ሁለተኛው ግን ይደፍራል። ስለዚህ «ዋይ» ከመጫናችሁ በፊት «የሚወገዱ» የሚለውን ዝርዝር አንብቡ። ሦስት አራት አሮጌ ላይብረሪ ከሆነ ምንም አይደለም። የዴስክቶፑ ስም ወይም ዋናው የካሊ ጥቅል እዚያ ውስጥ ካለ «ኤን» በሉና ጥቂት ቀን ጠብቁ፤ አንድ ፓኬጅ ደርሶ ጓደኛው ገና ያልደረሰበት ጊዜ ነው።

መብራት በማደስ መሀል ከሄደ አትደንግጡ፣ እንደገናም አትጫኑ። ማሽኑ ተነሥቶ አፕትን ስታስኬዱ «ዲፒኬጂ ተቋርጧል» ይላል (ዲፒኬጂ ፓኬጆቹን የሚዘረጋው ፕሮግራም ነው)፤ መፍትሔውንም እዚያው ይጽፈዋል፦ በሱዶ «ዲፒኬጂ» ብሎ ሁለት ሰረዝ «ኮንፊገር»፣ ከዚያ ሰረዝ «ኤ»። የተዘረጉትንና ያልተሰናዱትን ፓኬጆች ከቆሙበት ያስቀጥላል። ቀጥሎ «አፕት» ሁለት ሰረዝ «ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል» የጎደለውን ይሞላል። ሌላው የተለመደ መልእክት «መቆለፊያውን ማግኘት አልቻልኩም» የሚለው ነው። ብዙ መመሪያ የመቆለፊያውን ፋይል አጥፉት ይላል። አታጥፉት። ሌላ አፕት ከኋላ እየሠራ ነው ማለት ነው፤ መቆለፊያውን ሰብሮ ሁለተኛ ማስጀመር የፓኬጆቹን መዝገብ የሚያበላሽ ድርጊት ነው። አምስት ደቂቃ ጠብቁ።

በኤፕሪል 2025 በመላው ዓለም ያሉ ካሊዎች በአንድ ሰሞን ማደስ አቃታቸው። የካሊ ሠሪዎች ፓኬጆቹን የሚፈርሙበትን፣ ከእነሱ መምጣታቸውም የሚረጋገጥበትን ዲጂታል ቁልፍ መጠቀም የማይችሉበት ሁኔታ ላይ ደረሱ፤ ቁልፉ አልተሰረቀም፣ ጠፋባቸው እንጂ። አዲስ ቁልፍ ማውጣት ግድ ሆነ፣ አሮጌው ካሊ ደግሞ አዲሱን ቁልፍ ስለማያውቀው «ይህን ፊርማ ማረጋገጥ አልችልም» እያለ እምቢ አለ። ትክክለኛው መፍትሔ አዲሱን የቁልፍ ፋይል ከካሊ ገጽ አውርዶ፣ አሻራውን አመሳክሮ፣ በቦታው ማስቀመጥ ነበር። በየመድረኩ የተንሸራሸረው አቋራጭ ግን የፊርማ ምርመራውን ራሱን ማጥፋት ነበር። ይህ አቋራጭ ዛሬም በአንዳንዱ ማሽን ላይ እንዳለ ነው። የአድራሻውን ፋይል ክፈቱና በመስመሩ ውስጥ «ትረስትድ እኩል ይሆናል የስ» የሚል ነገር ካለ አስወግዱት፤ እሱ እስካለ ድረስ በመንገድ ላይ የተቀየረ ፓኬጅም ያለ ጥያቄ ይገባል።

ፊርማም ቢሆን ሁሉን አይከላከልም። በማርች 2024 ኤክስዜድ በሚባለው የመጭመቂያ ፕሮግራም ስሪት 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ ድብቅ በር ተገኘ። ያስገባው ሰው በፕሮጀክቱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ አስተዋጽኦ እያደረገ አመኔታ ያተረፈ ነበር፤ ስለዚህ ፊርማው ሁሉ ትክክል ነበር። የደረሰበት አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ሲሆን መነሻውም በኤስኤስኤች (ከሩቅ ወደ ማሽን መግቢያው መንገድ) መግባት ግማሽ ሰኮንድ ያህል መዘግየቱ ነው። ከማርች 26 እስከ 29 ባለው ጊዜ ውስጥ ካሊን ያደሰ ሁሉ የተበከለውን ስሪት ወስዷል፤ እንደገና በማደስ ተስተካከለ። የሮሊንግ ዋጋው ይህ ነው፤ አዲሱ ነገር መጀመሪያ የሚደርሰው እናንተ ጋ ነው፣ ክፉውም ጭምር። ካሊን የግል ሰነድ ከሚቀመጥበት ማሽን ለይቶ ለመያዝ ከዚህ የበለጠ ምክንያት አላውቅም።

ፓይተን የሚጠቀሙም አንድ ነገር ይወቁ። ከ2024 አራተኛው ስሪት ወዲህ በ«ፒፕ» (በፓይተን ላይብረሪ መጫኛው) በቀጥታ መጫን ተዘግቷል፤ አካባቢው በሌላ የሚተዳደር ነው ይላል። ፒፕ የሚያመጣው ላይብረሪ አፕት ካመጣው ጋር ስለሚጋጭ ነው። «ፒፕኤክስ» ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ክፍል ይሠራለታል፣ በእሱ ጫኑ። እገዳውን የሚሰብረውን ምርጫ የሚጨምሩ መመሪያዎችን እለፏቸው።

ካሊ ቆሞ መሥራት ሲጀምር የሚፈተሽ ነገር ያስፈልገዋል፣ የሚፈተሸውም የጎረቤት ራውተር ሊሆን አይችልም። ሜታስፕሎይተብል 2 ሆን ተብሎ በቀዳዳ የተሞላ፣ በነጻ የሚወርድ ቨርቹዋል ማሽን ነው፤ 512 ሜጋባይት ራም ይበቃዋል። ስሙም የይለፍ ቃሉም «ኤምኤስኤፍአድሚን» ነው። ይህ ማሽን ከውጭ ኔትወርክ ጋር በፍጹም መገናኘት የለበትም፤ ካርዱን «ሆስት-ኦንሊ» (ከእናንተው ኮምፒዩተር ውጪ የማይወጣ) አድርጉት። ለካሊ ደግሞ ሁለት ካርድ ስጡት፦ አንዱ «ናት» (በላፕቶፑ በኩል ኢንተርኔት የሚያገኝ) ለማደሻ፣ ሌላው ሆስት-ኦንሊ ለላቦራቶሪው። ከዚያ የሜታስፕሎይተብል አድራሻ ብዙውን ጊዜ በ192.168.56 የሚጀምር ይሆናል። ሁለቱም እንደተሰናዱ፣ ምንም ሳትነኩ፣ ስናፕሾት (ወደ እሱ የሚመለሱበት የማሽኑ ቅጂ) አንሡ።

የመጀመሪያ ልምምድ የማሽን ፖርቶችን (አገልግሎቶች የሚገኙባቸውን በቁጥር የተለዩ በሮች) የሚፈትሸው ኤንማፕ ይሁን። ምንም ሳትጨምሩ በዚያ አድራሻ ላይ ብታስሮጡት 23 የተከፈቱ ፖርቶችን ያሳያችኋል። ሰረዝ፣ ፒ፣ ሰረዝ ጨምራችሁ ብትደግሙት 30 ይሆናሉ። ማሽኑ አልተለወጠም። ኤንማፕ ካልታዘዘ በቀር ከ65,535 ፖርቶች መካከል በብዛት የሚያገለግሉትን 1,000 ብቻ ነው የሚመለከተው፤ 3632 እና 8787 ከዚያ ውጪ ናቸው፣ ሁለቱም ደግሞ ወደ ማሽኑ ውስጥ የሚያስገቡ ቀዳዳዎች ናቸው። በዚህ ልምምድ ላይ አንድ ሙሉ ቀን ቢጠፋ አይቆጭም። «ምንም አልተገኘም» የሚል ሪፖርት የሚጽፍ ሰው የት የት እንዳልተመለከተ ማወቅ አለበት።

እስካሁን የፈተሽነው ቲሲፒ በሚባለው የመረጃ መላኪያ መንገድ ነው፤ በሌላው መንገድ፣ በዩዲፒ፣ ደግሞ ትዕግሥት ይጠየቃል። ቲሲፒ ላይ የተዘጋ በር ወዲያው «ተዘግቷል» ብሎ ይመልሳል። ዩዲፒ ላይ ግን የተዘጋ መሆኑን የሚነግራችሁ የአይሲኤምፒ (የኔትወርክ ስህተት ማሳወቂያ) መልእክት ነው፤ ሊኑክስ ደግሞ ይህን መልእክት በሰኮንድ አንድ ገደማ አድርጎ ይመጥነዋል። ስለዚህ ሁሉንም የዩዲፒ ፖርቶች መፈተሽ ከ18 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ቆሟል ብሎ በኮንትሮል-ሲ የሚገድለው ሰው ብዙ ነው። ቆሞ አይደለም፣ እየጠበቀ ነው። 53፣ 67፣ 123፣ 161 እና መሰሎቻቸውን መርጦ መፈተሽ ይሻላል። «ክፍት ወይም የተጣራ» የሚለውንም መልስ እንደ «ክፍት» አትቁጠሩት፤ ኤንማፕ ዝምታን ነው የሰማው፣ ዝምታውን ደግሞ ፋየርዎልም አገልግሎቱ ራሱም ሊያመጣው ይችላል።

ካሊን በናት ብቻ አድርጋችሁ የቤታችሁን ኔትወርክ ስትፈትሹ ግማሹ ዕቃ ቢጠፋባችሁም ምክንያቱ ይህን ይመስላል። በአንድ ኔትወርክ ውስጥ ኤንማፕ ማን እንዳለ የሚጠይቀው በኤአርፒ ነው፤ ለፒንግ መልስ የማይሰጥ ስልክ እንኳ ለኤአርፒ ይመልሳል። ኤአርፒ ግን ናትን አያልፍም። «ብሪጅድ» ስታደርጉት ካሊ ራሱን ችሎ በኔትወርኩ ላይ ይቀመጣል፣ የጠፉትም ይታያሉ። ይህን በራሳችሁ ቤት ብቻ አድርጉት፤ በመሥሪያ ቤት ኔትወርክ ላይ ብሪጅድ ካሊ መክፈት ብቻውን የሚያስጠይቅበት ቦታ አለ።

ቀዳዳዎችን ተጠቅሞ ወደ ማሽን የሚገባው መሣሪያ ሜታስፕሎይት ላይ ጀማሪን የሚያስለቅሰው አንድ መልእክት ነው፦ «ሙከራው ተጠናቋል፣ ግንኙነት ግን አልተፈጠረም»። በላቦራቶሪው ውስጥ የዚህ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ «ኤልሆስት» የሚባለው አድራሻ ነው። የሳምባን (የፋይል መጋሪያውን አገልግሎት) ቀዳዳ ስትጠቀሙ የተጠቃው ማሽን ወደ እናንተ መልሶ እንዲደውል ነው የምታዙት፤ የት እንደሚደውል የሚነግረው ኤልሆስት ነው። ካሊ ሁለት ካርድ ስላለው የናቱን 10.0.2.15 ይወስዳል፣ ሜታስፕሎይተብል ግን ወደዚያ መንገድ የለውም። ወደ 192.168.56 አድራሻችሁ ቀይሩት፣ ይገባል። በፖርት 21 ላይ ያለው የፋይል ማስተላለፊያ ቪኤስኤፍቲፒዲ 2.3.4 ግን በሌላ መንገድ ነው የሚሠራው። በ2011 የፕሮግራሙ ፋይል በማውረጃ ገጹ ላይ በተበከለ ቅጂ ተተክቶ ነበር፤ በተጠቃሚ ስሙ ውስጥ የ:) ምልክት ካለ በፖርት 6200 ላይ በር ይከፈታል። ይህን ያለ ሜታስፕሎይት፣ በኔትካት (በተራው የኔትወርክ ግንኙነት መክፈቻ) ብቻ፣ በእጃችሁ እየጻፋችሁ አድርጉት። በሌላ መስኮት በኔትወርኩ የሚያልፈውን የሚያሳየው ዋየርሻርክ ክፍት ይሁን። ጥቃት ማለት በሽቦ ላይ የሚያልፉ ጥቂት ባይቶች መሆኑ በዓይን የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ መሣሪያው ከደበቀው ነገር ሁሉ ይህ ትልቁ ይመስለኛል።

ወደ ዋይፋይ እንመለስ። ለፍተሻ የሚሆን የዩኤስቢ ካርድ ሲገዛ ስሙ ሳይሆን ቺፑ ነው የሚታየው። የቲፒ-ሊንክ ደብሊውኤን722ኤን ጥሩ ምሳሌ ነው፦ ስሪት 1 አቴሮስ ኤአር9271 ስላለው ሳይነኩት ይሠራል፤ ስሪት 2 እና 3 ግን በሪያልቴክ ቺፕ የተሠሩ ስለሆኑ ብዙ ያስቸግራሉ። ካርቶኑም መልኩም አንድ ዓይነት ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ጀርባው ላይ ያለውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቡ። ስሪት 1 ቢሆንም 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው የሚሰማው፤ በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ራውተር ለእሱ የለም። ድራይቨሩ በዲኬኤምኤስ (የሊኑክሱ እምብርት፣ ማለትም ከርነሉ፣ ሲታደስ ድራይቨሩን እንደገና በሚሠራው) የሚጫን ካርድ ከያዛችሁ ደግሞ ከርነሉ በታደሰ ቁጥር የከርነሉ ሄደሮች አብረው መምጣታቸውንና ማሽኑ ዳግም መነሣቱን አረጋግጡ፤ ካልሆነ ትናንት የሠራው ካርድ ዛሬ ይጠፋል። ወደ ሞኒተር ሁነታ (ካርዱ በአየር ላይ የሚያልፈውን ሁሉ ወደሚሰማበት) ለመግባት «ኤርሞን-ኤንጂ ቼክ ኪል» ስትሉ ኔትወርክ ማኔጀሩ ይገደላል፣ ኢንተርኔቱም አብሮ ይሄዳል። ሥራው ሲያልቅ መልሶ ማስነሣት ነው።

በራሳችሁ ራውተር ላይ የደብሊውፒኤ2ን (የዋይፋይ መቆለፊያውን) መጨባበጥ፣ ማለትም ስልክና ራውተር ሲገናኙ የሚለዋወጡትን የይለፍ ቃል ማረጋገጫ፣ ከያዛችሁ በኋላ የሚቀረው ግምት ነው። ካሊ ውስጥ ያለው «ሮክዩ» ዝርዝር በ2009 ከተዘረፈ ድርጅት የወጣ ሲሆን ከ14 ሚሊዮን በላይ የይለፍ ቃላት አሉት። የሚገኘው ተጨምቆ ስለሆነ መጀመሪያ ይፈታል፤ የታሸገውን ፋይል ሰጥቶ «አልተገኘም» የሚል ብዙ ነው። ቢፈታም ግን ያ ዝርዝር የእኛን ሰው አያውቅም። በኢትዮጵያ በካፌውም በቢሮውም የዋይፋይ ይለፍ ቃል ብዙ ጊዜ የስልክ ቁጥር ነው፤ ለዚያ ዝርዝር አያስፈልግም። በ09 ወይም በ07 የሚጀምር ቁጥር የሚቀረው 8 አሃዝ ነው፣ ለእያንዳንዱ መነሻ 100 ሚሊዮን ግምት ማለት ነው። በሰኮንድ 5,000 የሚሞክር ተራ ላፕቶፕ በስድስት ሰዓት ውስጥ ይጨርሰዋል፤ 400,000 የሚሞክር የግራፊክስ ካርድ ደግሞ በአራት ደቂቃ ከጥቂት። (ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ የይለፍ ቃል ገማቹ ሃሽካት የግራፊክስ ካርዱን ስለማያገኘው ቀስ ይላል፤ ይህም ከሚያስገርሙ ነገሮች አንዱ ነው።) በአንጻሩ ከ2,000 የተለመዱ የአማርኛ ቃላት አምስቱን በዕጣ አውጥታችሁ በላቲን ፊደል ብትደረድሯቸው ያው ካርድ ሁሉንም ለመሞከር ከ2,500 ዓመት በላይ ይፈልጋል። በዕጣ የሚለውን አስምሩበት፤ ተረት ወይም መፈክር ከሆነ ስሌቱ ይፈርሳል።

ስለ ፈቃድ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 (ዓመቱ እንደ እኛ ነው) አንቀጽ 3 ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ ወደ ሌላ ሰው ሲስተም ወይም ኔትወርክ ሆን ብሎ መግባትን እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት፣ ወይም ከ30,000 እስከ 50,000 ብር መቀጫ፣ ወይም ሁለቱንም ያስከትላል ይላል። ለቁልፍ መሠረተ ልማት ቅጣቱ ይከብዳል። «ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ» የሚለው ሐረግ ለባለሙያው የተጻፈ ያህል ነው። የቃል ፈቃድ አይበቃም። ወረቀቱ ላይ የሚፈተሹት አድራሻዎች አንድ በአንድ፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የተከለከሉት ሙከራዎች፣ ሲስተም ቢወድቅ ሌሊትም ቢሆን የሚደወልለት ሰው ስልክ፣ የተገኘው መረጃ የት እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚጠፋ ይጻፍበት። ድረ ገጹ በጋራ ሰርቨር ላይ ከሆነ የድረ ገጹ ባለቤት ስለ ሰርቨሩ መፍቀድ አይችልም፤ አስተናጋጁ ድርጅትም መፈረም አለበት። ይህ ሳይስተዋል የሚፈረም ውል በጣም ብዙ ነው፣ ያሳስበኛል።

ለእያንዳንዱ ሥራ ከንጹሑ ስናፕሾት አዲስ ካሊ ቅዱ፤ የአንዱ ደንበኛ የይለፍ ቃል በሌላው ሥራ ላይ እንዳይገኝ። ተርሚናሉ የሚያሳየውን ሁሉ ከመጀመሪያው ደቂቃ «ስክሪፕት» በሚለው ትእዛዝ ወደ ፋይል አስገቡ፤ ኤንማፕንም በሰረዝ ኦ እና በትልቁ ኤ በሦስቱም መልክ አስጽፉት። ከሁለት ሳምንት በኋላ «በዚያ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሰርቨራችን ወድቋል፣ እናንተ ናችሁ ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የሚሰጠው ይህ ፋይል ነው። ሰዓቱንም ቀድማችሁ አመሳስሉ፤ የካሊ ሰዓት ሲጫን በተመረጠው አገር ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ከአዲስ አበባ ሰዓት ጋር ላይገጥም ይችላል። ደንበኛው ሪፖርቱን ተረክቦ ውሉ የሰጠው ጊዜ ሲያልፍ የተያዙት ፓኬቶች፣ የተገኙት የይለፍ ቃላትና ያ ቨርቹዋል ማሽን ከነስናፕሾቶቹ ይደመሰሳሉ፤ የተደመሰሱበትም ቀን ለደንበኛው በጽሑፍ ይላክለታል።